ሕመሙ አለቀ እንጂ ሕክምናው አላለቀም



ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች መካከል አንዷን ሁለት ጊዜ አነበብኳት። አንደኛ፣ የተጻፈችው ከወረታ ነው፤ ወረታ ደግሞ እትብቴ የተቀበረባት ከተማ ናት። ሁለተኛ፣ ጉዳዩ የእኔም ጉዳይ ነበር። ጸሐፊዋ ልትሠራው ጥቂት የቀራትን ስሕተት እኔ ቀድሜ ሠርቼው አንድ መንጋጋ ጥርስ ገብሬበታለሁ። እናም የዛሬውን ዓምድ ሙሉውን ለእሷ ሰጥቻታለሁ። እናንተም «የጥርሴን ነርቭ አስወጥቼ ተገላገልኩ» ብላችሁ የተቀመጣችሁ ካላችሁ አብራችሁ አንብቡ። ደብዳቤዋ እንዲህ ትላለች፦

«ውድ ጋሼ፣ የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። የምኖረው ወረታ ነው፤ በአንድ የሩዝ መፈልፈያ ቤት ሒሳብ ተቀባይ ሆኜ እሠራለሁ። ባለፈው ሰኔ የታችኛው መንጋጋዬ እንቅልፍ ቢነሣኝ ባሕር ዳር ድረስ ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ሩት ካናል የሚባለውን ሕክምና አደረግሁ። ሐኪሙ በጊዜያዊ ነገር ከደፈነልኝ በኋላ፣ ‹በወሩ ተመለሺና ክራውን ይሠራልሻል፤ አለዚያ ይሰበርብሻል› አለኝ። ዋጋውን ስሰማ ግን ደነገጥኩ። ሠርጌ ጥር ላይ ነው። ያጠራቀምኳት ገንዘብ ለቬሎ ኪራይና ለፎቶ የተያዘች ናት። ጥርሱ ደግሞ ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን እንኳን አሞኝ አያውቅም። እጮኛዬ ‹የማያምሽን ጥርስ ምን ብለሽ ታሳክሚያለሽ? የሞተ ጥርስ እኮ ነው፤ ይልቅ ነቅለሽ ተገላገይው› ይለኛል። እናቴ ‹ወተት ጠጪ፣ ይጠነክራል› ትላለች። የሥራ ጓደኛዬ ደግሞ የካልሲየም እንክብል ግዢ አለችኝ። ባለፈው ሳምንት ከድፍኑ ጥግ ቁራሽ ወልቆ ምላሴን ይሻክረኛል። ማንን ልስማ? ምን ይመክሩኛል? ስሜ እንዳይወጣ አደራ።»

ስምሽ አይወጣም እኅቴ። ምክሬን ከመስማትሽ በፊት ግን የእኔን ጉድ ስሚ።

የእኔው ጉድ

በ2008 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የታችኛው ግራ መንጋጋዬ ሌሊት ሌሊት እንደ ሕፃን ያስለቅሰኝ ነበር። ቀን ቀን እየተሻለኝ፣ ማታ ማታ እየባሰብኝ ሁለት ሳምንት ከቆየሁ በኋላ ታከምኩ። ነርቩ ወጣ፣ ቦዩ ተጠርጎ ተደፈነ፣ ሕመሙ እልም አለ። ሐኪሟ «በሁለት ሳምንት ውስጥ ተመለስ፤ ክራውን ያስፈልገዋል» ብላ ቀጠሮ ጻፈችልኝ። እኔ ግን በአንድ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው አፈሰስኩት። ላላመመኝ ጥርስ ገንዘብ ማውጣት ሞኝነት መስሎ ታየኝና ክራውን የሚሠራበትን ብር ስልክ ገዛሁበት። ስልኩን በሦስተኛው ወር ታክሲ ውስጥ ተሰረቅሁ፤ እሱን ለጊዜው ተዉት።

ጥር ላይ ጥምቀትን ለማክበር ወደ ወረታ ሄድኩ። አካባቢውን ለማታውቁት፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር 55 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዛችሁ፣ የደብረ ታቦሩ መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። ዙሪያዋ የፎገራ ሜዳ ነው። ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ውኃ ያለብሱታል። ሩዙ ከዚያ ይገኛል፤ ውኃው ሲሸሽ ደግሞ በእርጥቡ መሬት ላይ ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ይህን የማወራው አገር ላስጎበኛችሁ ብዬ አይደለም። እዚያ አገር እንግዳ ሆኖ ቆሎ ሳይቆረጥሙ መውጣት እንደሌለ እንድታውቁልኝ ነው።

እናላችሁ፣ አክስቴ የሽምብራ ቆሎ በሰፌድ አቀረበችልኝ። ሁለተኛውን ጭብጥ እንደያዝኩ ከአፌ ውስጥ «ቀጭ!» የሚል ድምፅ ወጣ።

«ጠጠር ነው ልጄ፣ ትፋው!» አለችኝ አክስቴ።

ተፋሁት። ጠጠር አልነበረም። የጥርሴ ግማሽ ነበር።

አላመመኝም። ቅንጣት ሕመም የለም። እንዲያውም ቁራሹን በመዳፌ ይዤ ስቄ አሳቅኋቸው። በአራተኛው ቀን ግን ድዴ አበጠ፤ የቀረው ጥርስ በምላሴ ስገፋው ሁለት ሆኖ ይነቃነቃል። ባሕር ዳር ሄድኩ። ሐኪሙ ራጁን አየት፣ በቀጭን መንካሻ ድዴን ዳበስ ዳበስ አድርጎ፣ «ስንጥቁ ወደ ሥሩ ወርዷል፤ ይህን የሚይዝ ነገር የለም» አለኝ። «የሩት ካናሉ ሥራ እኮ ጥሩ ነበር። ያጣኸው ጣራውን ነው።» በዚያው ቀን ተነቀለ።

ዛሬ በዚያ በኩል አላኝክም። ከኋላ ያለው ጥርስ ወደ ባዶው ቦታ ዘመም ብሏል፤ ከላይ የነበረው ደግሞ የሚገጥመው ቢያጣ ወደ ታች ወርዷል። አንድ ጥርስ ብቻ የነቀልኩ መስሎኝ የሦስቱን ሰላም ነሣሁ።

ጥርስሽ እውነት ሞቷል?

እንግዲህ ወደ አንቺ ልመለስ። እጮኛሽ «የሞተ ጥርስ» ያለው ነገር ግማሽ እውነት አለው። በጥርስ ሆድ ውስጥ ነርቭና ደም ሥር ያሉበት ለስላሳ ሥጋ አለ። የጥርስ መበላት እዚያ ሲደርስ ሥጋው ይቆጣል፣ ይመግላል። ሐኪሙ ያንን ያወጣል፤ ቦዩን በቀጫጭን ሞረዶች ይጠርጋል፤ በመድኃኒት ያጥባል፤ በመጨረሻ ጉታ ፐርቻ በተባለ፣ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ዛፎች በሚገኝ ጎማ መሰል ሙጫ ይደፍነዋል። ስለዚህ የጥርሱ ሆድ ባዶ ሆኗል ማለት ይቻላል።

ጥርሱን ከመንጋጋ አጥንት ጋር ያያያዙት ጅማቶች ግን ሕያው ናቸው፤ ደም ያገኛሉ። ጥርሱ ቆሟል፣ ያኝካል፣ ጎረቤቶቹን በየቦታቸው ያጸናል። ሥራውን የሚሠራ ጥርስ «ሞተ» ተብሎ አይቀበርም።

ታዲያ ለምን ይሰበራል? ብዙ ሰው፣ አንዳንድ የጤና ባለሙያም ሳይቀር፣ «ነርቩ ሲወጣ ጥርሱ እንደ እንጨት ይደርቃል፤ ስለዚህ ይሰባበራል» ይላል። ነገሩ ግን እንደዚያ ሆኖ አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ አንድ ጥናት ሩት ካናል የተሠራላቸውን ጥርሶች በዚያው ሰው አፍ ውስጥ በሌላው ጎን ከነበሩት ያልተነኩ አቻዎቻቸው ጋር አወዳድሮ፣ በጥንካሬያቸው ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም።

ጥርሱን የሚያደክመው የጎደለው ግድግዳ ነው። ይህ ደግሞ ተለክቷል። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ከላይ ቀዳዳ ከፍቶ ሩት ካናል መሥራት ብቻውን የጥርሱን ጉብታዎች ግትርነት የቀነሰው በ5 ከመቶ ገደማ ነው። የፊቱና የኋላው ግድግዳ ሲፈርስ ግን፣ ማለትም ጥርሱ ከዳር እስከ ዳር ሲቦረቦር፣ ግትርነቱ በ63 ከመቶ ወረደ። ልብ በዪ፤ አብዛኛው ሩት ካናል የሚሠራለት ጥርስ አስቀድሞ በመበላት ግድግዳው የፈረሰ ነው። በአራት ግድግዳ የቆመ ቤት ሁለቱ ሲናዱበት በንፋስ የሚወዛወዘውን አስቢ። ባኘክሽ ቁጥር የቀሩት ሁለት ግድግዳዎች ወደ ውጭ ይለጠጣሉ። አንድ ቀን አንዷ የሽምብራ ቆሎ መሐል ትገባና ትፈለቅቃቸዋለች።

ሌላም አለ። ነርቭ ያለው ጥርስ ጠጠር ሲነካው «ኧረ!» ብሎ አፍሽን ያስከፍትሻል። ነርቭ የሌለው ጥርስ ዘግይቶ ነው የሚሰማው። እ.ኤ.አ. በ1986 ስዊድን ውስጥ በተደረገ ሙከራ ነርቭ አልባ ጥርሶች ሕመም እስኪሰማቸው ድረስ ከሕያዋኑ እጥፍ በላይ ሸክም ተሸክመው ተገኝተዋል። ዘበኛው ወጥቷል ማለት ነው። «አንድ ቀን እንኳን አሞኝ አያውቅም» ያልሽው ነገር እንግዲህ የጤንነት ምስክር አይሆንም። እኔም ሲሰበር አላመመኝም።

ወተቱና እንክብሉ

እናትሽን አልቃወምም፤ የፎገራ ላም ወተት የሚጠላ ሰው ከወዴት ይገኛል? ወተት ለአጥንት ጥሩ ነው፤ ጥርሱ ገና በመሠራት ላይ ላለ ሕፃንም ጥሩ ነው። ያንቺ መንጋጋ ግን ተሠርቶ ካለቀ ቆይቷል። ያ ጥርስ የመጀመሪያው መንጋጋ ከሆነ በስድስት ዓመትሽ ገደማ የበቀለ ነው። የወደቀን ግድግዳ ወተት አይጠግነውም፤ እንክብልም እንደዚሁ። ለእንክብሉ የምታወጪውን ብር ያዢው፣ እንፈልገዋለን።

ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና ግን በቀን ሁለት ጊዜ ያስፈልግሻል። ጥርሱን እንደ ብረት አያደርገውም። ዳግመኛ እንዳይበላ ግን ይከላከላል። ነርቭ የሌለው ጥርስ ይበላል እኮ፤ ልዩነቱ ሳይነግርሽ መበላቱ ነው። በመፋቂያ መጠቀም ከለመድሽም አትተዪው፤ ጫፉን በደንብ አለስልሰሽ ጥርሱ ከድዱ የሚገናኝበትን መስመር ቀስ ብለሽ ጥረጊ። መፋቂያው ግን የሳሙናውን ቦታ አይተካም።

ታዲያ ምን ያጠነክረዋል?

ከፎገራ ገበሬ እንማር። ለከተሜው አንባቢ ልንገራችሁ፤ በበሬ የሚታረስበት ዕቃ ላይ ወገል የሚባል የብረት ቀለበት አለ። ማረሻውንና ድግሩን አንድ ላይ አጥብቆ የሚይዘው እሱ ነው። ወገል ከሌለ ዕቃው ገና ትልሙ ሳይጀመር ይበታተናል።

ክራውን ማለት ለጥርስ ወገልም ጣራም ነው። ሐኪሙ ጥርሱን ከዙሪያውና ከላዩ በመጠኑ ይሞርደዋል፤ ልኩን ይወስዳል፤ ከዚያ ከብረት ወይም ከሸክላ መሰል ነገር የተሠራ ሽፋን አጥልቆ በጥርስ ሲሚንቶ ያጣብቀዋል። ስታኝኪ ሸክሙ በጠቅላላው ጥርስ ላይ ይዳረሳል፤ ግድግዳዎቹም ወደ ውጭ መለጠጥ አይችሉም።

ወገሉ የሚይዘው ነገር መኖር አለበት ታዲያ። ከድድ በላይ ዙሪያውን ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ጤነኛ የጥርስ ግድግዳ ከቀረ ክራውኑ አጥብቆ ይታቀፈዋል። ይህ ካልተገኘ ሥራው አሸዋ ላይ ይቆማል። ብትዘገዪ የምታጪው ይህችን 2 ሚሊ ሜትር ነው።

አንዳንድ ጊዜ ሐኪሙ በቦዩ ውስጥ ችካል ያስገባል። «ችካል ከገባበትማ ጠነከረ» ብለሽ እንዳትሳሳቺ። ችካሉ የጎደለውን የጥርስ አናት የሚሸከም መያዣ እንጂ ሥሩን የሚያጠነክር አይደለም። እንዲያውም ለችካሉ ሲባል ሥሩ ከመጠን በላይ ከተቦረቦረ ይሳሳል። መያዣ የሚሆን በቂ ግድግዳ ካለሽ፣ መንጋጋ ጥርስ ያለ ችካልም ይሠራል።

ሁሉም ጥርስ ክራውን ይፈልጋል ወይ? አይፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1984 ሩት ካናል በተሠራላቸው 1,273 ጥርሶች ላይ የወጣ ጥናት፣ ክራውን የኋላ ጥርሶችን በእጅጉ እንደጠቀመ፣ ለፊት ጥርሶች ግን ያን ያህል ለውጥ እንዳላመጣ አሳይቷል። የፊት ጥርስ ይቆርጣል እንጂ አይፈጭም። ስለዚህ በልጅነቱ ወድቆ የፊት ጥርሱ ነርቭ የወጣለት ወጣት፣ ጥርሱ ያልተሰበረ ከሆነ ጥሩ ሙሌት ይበቃዋል። «ለሁሉም ክራውን» የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ ምክንያቱን ጠይቁ። መንጋጋ ግን ወፍጮ ነው። ያለ ጣራ አይተውም።

ቁጥሩን ካልሽ ደግሞ ይኸው። እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ውስጥ የኢንሹራንስ መዝገብ ተገላብጦ፣ ሩት ካናል የተሠራላቸው 1,462,936 ጥርሶች ለስምንት ዓመት ታዩ። ከመቶው 97 ከነሥራቸው አፍ ውስጥ ቆይተዋል። «ሩት ካናል ከንቱ ነው፤ ዞሮ ዞሮ ይነቀላል» ለሚሉት መልሱ ይህ ነው። ከተነቀሉት መካከል ግን 85 ከመቶው ሙሉ ሽፋን ያልነበራቸው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ክራውን ያልተሠራላቸው ጥርሶች ከተሠራላቸው በስድስት እጥፍ ፍጥነት እንደጠፉ አገኘ።

አሁን የምነግርሽ አንቺን በቀጥታ ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት እንዳለው፣ ክራውናቸው ከሩት ካናሉ በኋላ ከአራት ወር በላይ የዘገየባቸው ጥርሶች፣ በአራት ወር ውስጥ ከተሠራላቸው ጋር ሲነጻጸሩ የመነቀል ዕድላቸው ወደ ሦስት እጥፍ ተጠግቷል። አንቺ የታከምሽው ሰኔ ነው። አሁን ጥቅምት ነው። ቁጠሪው።

ቅርንፉዱ ሲያልቅ

ጊዜያዊ ድፍን ለምን ጊዜያዊ እንደተባለ ታውቂያለሽ? ብዙ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት አንደኛው ዓይነት ከዚንክ ኦክሳይድና ከቅርንፉድ ዘይት የሚቦካ ነው። ሐኪም ቤት ስትገቢ አፍንጫሽን የሚመታው የወጥ ቤት ሽታ እሱ ነው። ለጥቂት ሳምንታት ይይዛል። ከዚያ ምራቅና ማኘክ ይሸረሽሩታል፤ ጥጉ ይለቅቃል፤ የአፍ ጀርም ቀስ ብሎ በስንጥቁ ይገባል፤ ተጠርጎ የተደፈነው ቦይም እንደገና ሊበከል ይችላል።

ያንቺ ደግሞ ቁራሹ ወልቋል። ስለዚህ የቬሎውን ነገር ከማንሳታችን በፊት ቀዳሚው ሥራ ይኸውልሽ፦ በዚህ ሳምንት፣ የመንገዱ ነገር ከፈቀደልሽ በነገው ቀን፣ ለጥርስ ሐኪም አሳዪው። በደብዳቤ ጥርስ አይታይምና እኔ ልወስንልሽ አልችልም። ሐኪሙ አይቶ ከሦስቱ አንዱን ይልሻል። ወይ ቦዩ ደኅና ነው፣ ይሸፈን፤ ወይ ጀርም ገብቶበታል፣ ውስጡ እንደገና ይጠረግ፤ ወይ ተሰንጥቋል፣ አይተርፍም። ሦስተኛው ከሆነ አታልቅሺ፤ ስንጥቁ ሥሩ ድረስ የወረደ ጥርስን መንቀል ትክክለኛው ሕክምና ነው። ሊተርፍ የሚችለውን መንቀል ግን ሌላ ነገር ነው።

ብሩ ባይሞላስ?

የብዙዎቻችን ችግር እዚህ ላይ ነው። ክራውን ርካሽ ነው ብዬ አልዋሽሽም። ግን «ወይ ውዱ ክራውን ወይ ምንም» የሚል ሕግ የለም። መሐል መንገድ አለ።

አንደኛ፣ ጊዜያዊው ድፍን በቋሚ ሙሌት ይቀየር። እዚህ ላይ ሐኪምሽን በግልጽ ጠይቂው፦ «ጉድጓዱን ብቻ ከምትሞላልኝ፣ የደከሙትን ጉብታዎች ዝቅ አድርገህ ከላይ ሸፍነህ ልትሠራልኝ ትችላለህ?» በዚህ መንገድ በአማልጋምም ሆነ በኮምፖዚት መሥራት ይቻላል። እንደ ክራውን ባይሆንም ከተራው ድፍን በጣም ይሻላል፤ ዋጋውም ዝቅ ይላል፤ ገንዘብ እስክታጠራቅሚ ያቆይሻል።

ሁለተኛ፣ ያንቺ ጥርስ የታች መንጋጋ ነው፤ ስትስቂ ብዙም አይታይም። ስለዚህ ነጭ መሆን የለበትም። የብረት ክራውን ለመንጋጋ እጅግ ጠንካራ ነው፤ ቀጭን ሆኖ ስለሚሠራም ሐኪሙ ከጥርስሽ ብዙ አይሞርድም። ዋጋ ስትጠይቂ የነጩን ብቻ ሰምተሽ አትደንግጪ፤ የብረቱንም ጠይቂ።

ሦስተኛ፣ አንድ ቦታ ብቻ ጠይቀሽ አትቅሪ። ባሕር ዳር የመንግሥትም የግልም አለ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የጥርስ ሐኪሞች የሚያሠለጥን ነው፤ እዚያም ዋጋና ቀጠሮ ማጠያየቁ አይከፋም። በሁለትና በሦስት ጊዜ መክፈል ይቻል እንደሆነም ጠይቂ። መጠየቅ ነውር የለውም።

አራተኛ፣ በገበያ ቀን ዞር ዞር እያሉ «ጥርስ እናለብሳለን» ከሚሉት ራቂ። ዕቃቸው መቀቀሉን ማን አየ? ከሥር ያለው ጥርስ መጽዳቱንስ? የማይገጥም ሽፋን ከሥሩ ምግብ ያጠራቅማል፣ ድድ ያቆስላል፣ ጥርሱን ደብቆ ያስበላል። በዚያውም ጤነኛ ጥርሳችሁን ለጌጥ ብላችሁ ወርቅ መሳይ ነገር የምታስለብሱ ጎረምሶች፣ የተሞረደ ጥርስ ዳግመኛ አይበቅልም።

አምስተኛ፣ እስኪሸፈን ድረስ በዚያ በኩል አታኝኪ። ቆሎ፣ አጥንት፣ በረዶ ይቅሩብሽ። የለስላሳ ጠርሙስ በጥርስ መክፈት የሚባለውን ጀግንነት ለሌላ ተዪ። አንቺ ደግሞ የሩዝ ሰው ነሽ፤ መሬት አውድማ ላይ የተወቃ ሩዝ ጠጠር እንደማያጣ ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ። ኅዳርና ታኅሣሥ አዲሱ ሩዝ ሲገባ አስለቅመሽ ብዪ። ሌሊት ጥርስሽን የምታፋጪ ከሆነም ለሐኪምሽ ንገሪው፤ ሌሊት የሚደረግ የጥርስ መከላከያ አለ።

ሠርጉና እጮኛሽ

እጮኛሽ ክፉ አልመከረሽም፤ ወጪሽ ከብዶት ነው። ግን ሒሳቡን አብራችሁ ሥሩት። አንቺ ሒሳብ ተቀባይ አይደለሽ?

መንቀል ዛሬ ርካሽ ነው። ነገ ግን ባዶው ቦታ ይጠይቃል። ብሪጅ ይሠራ ቢባል ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ጤነኛ ጥርሶች ይሞረዳሉ፤ ክፍያውም የሦስት ጥርስ ነው። ኢምፕላንት ይተከል ቢባል ከአንድ ክራውን የበለጠ ገንዘብ ይጠይቃል። «ባዶውን ይቅር» ካላችሁ ደግሞ እንደ እኔ ጎረቤቱ ይዘማል፣ ከላይ ያለው ይወርዳል። በዚያ ላይ ለሩት ካናሉና ለሦስት ምልልስ ያወጣሽው ገንዘብ በጉጠት ተነቅሎ ይጣላል። ቤት ሠርተሽ፣ ጣራው ስለተወደደ አፍርሺው እንደ ማለት ነው።

እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር። የፎቶውን አልበም አንድ ደረጃ ዝቅ አደርጋለሁ፤ የቬሎውንም እንደዚሁ። በዚህ ወር ቋሚውን ጉብታ ሸፋኝ ሙሌት አሠራለሁ። ለሠርጉ ከሚሰጠው ገንዘብ ላይ ደግሞ፣ ሌላ ዕቃ ሳይገዛ፣ የክራውኑ ይነሣል። ከእጮኛሽ ጋር ዛሬውኑ በዚህ ተስማሙ። ይህን የምልሽ ጥርስሽን ከፍቅራችሁ አስበልጬ አይደለም። ቬሎው የአንድ ቀን ነው፤ ፎቶውን በዓመት አንድ ጊዜ ትገልጡታላችሁ። እንጀራ ግን በየቀኑ ይቆረሳል፤ ለዓመት በዓል ደግሞ ሥጋ አለ፤ ልጆች ሲመጡም የሚያስቅ ነገር አይጠፋም። ያን ሁሉ ዘመን በአንድ ጎን ብቻ ማኘክ ምን እንደሚመስል ከእኔ ጠይቂ።

ሐኪሙ ዘንድ ስትገቢ እነዚህን አራት ጥያቄዎች በወረቀት ይዘሽ ግቢ፦ ጥርሱ ተሰንጥቋል ወይ? ከድድ በላይ የቀረው ግድግዳ ክራውን ይይዛል ወይ? ቦዩ እንደገና መጠረግ ያስፈልገዋል ወይ? ክራውኑ እስኪደርስስ በምን ታቆይልኛለህ? መልሱን እዚያው ጻፊው። ምን እንደተባለሽ ለእጮኛሽ በቃል ከምታስረጂው ወረቀቱን አሳዪው።

እናንተም ውድ አንባቢዎቼ፣ ሕመም ሲቆም ሐኪምን መርሳት የሁላችን ጠባይ ነው። ጥርስ ላይ ግን ሕመሙ የሚቆመው ሥራው ገና ሳይጋመስ ነው። ነርቩ ሲወጣ የተገላገላችሁት ከለቅሶው ነው። ጥርሱን የምታድኑት ጣራው ሲከደን ነው። አፋችሁ ውስጥ «በኋላ ይሠራል» የተባለ ጥርስ ካለ፣ ያ «በኋላ» ስንት ወር እንደሆነው ዛሬ ማታ ቁጠሩ።

አክስቴ እስከ ዛሬ ድረስ ቆሎ ስታቀርብልኝ በግራዬ በኩል ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች። «በቀኝ ነው ልጄ፣ በቀኝ!» ትለኛለች።

አንቺ ደግሞ እኅቴ፣ በግራም በቀኝም የምታኝኪ ሙሽራ ያድርግሽ። ውጤቱን ጽፈሽ አሳውቂኝ። ለሁላችሁም ቸር ሰንብቱ፤ ሳምንት ያገናኘን!